ከጠረጴዛው ስር የተጻፈ

ሰኞ ጠዋት ሜትሮ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበና ስራ እምቢ አለው።

ሜትሮ ብለው የሰየሙት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም ነበረው፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መለኪያ ሜትሮ ከኪሱ ሳይለይ፣ ሰላም ያለውን ሰው ሁሉ ቁመቱን በዓይኑ እየለካ የኖረ አናጺ ሌላ ምን ተብሎ ሊጠራ ነው? በዚያ ሰፈር ከእንጨት የተሰራ ነገር ካለ የእሱ እጅ አለበት። ይህን ራሱም ያውቃል፤ የማያውቅ መስሎ የሚታይበት ጊዜም ትንሽ ነው።

የዚያን ቀን ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት መምህርት የጽሕፈት ጠረጴዛዋን መሳቢያ ብብቷ ስር ሸጉጣ መጣች። የታችኛው ስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ከአንድ ጎን ተገንጥሎ ነበር። ሜትሮ ሊያየው ገለበጠው፤ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አነበበ፦ «ሰው የሚወደውን ስራ ሲሰራ ስሙን ብትጠራው፣ የሚሰማህ በሁለተኛው ነው።»

ጆሮው ቀላ። ደስ የሚል ሀሳብ ሲያገኘው ጆሮው ይቀላል፤ ይህን ሚስቱም ደንበኞቹም ያውቁታል። ይህን የጻፈ ሰው ስራ የሚያውቅ ሰው ነው አለ። ማን እንደሆነ፣ በሕይወት ካለም የት እንደሚገኝ ጠየቀ፤ እንዲህ ያለ ሰው ተፈልጎ ሻይ መጋበዝ አለበት ብሎ ተነሳ። መምህርቷ ሳቀች። ከዚያ መሳቢያውን ከአስራ አራት ዓመት በፊት የሰራላት እሱ ራሱ እንደሆነ፣ ጽሑፉም ያን ጊዜ አብሮ እንደመጣ፣ እሷም የተማሪ ደብተር ማረም ሲሰለቻት እየገለበጠች እንደምታነበው ነገረችው። ሜትሮ ፊደሉን እንደገና አየ። ሁልጊዜ ወደ ጎን የምታጋድለው «ለ» የራሱ ናት።

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እሱ ግን ይባስ ብሎ ደስ አለው። ራሱን በአደባባይ እንዲያ ሲያመሰግን መዋሉን እንኳ ልብ ያለው ዘግይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜትሮ ሀሳብ ሲመጣበት እንደ ወተት ይገነፍላል። ወረቀት ልፈልግ ካለ ሀሳቡ ይጠፋበታል። ስለዚህ ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ መዘዝ ያደርግና በእጁ ያለው ጣውላ ላይ ይጽፋል። ጣውላው ደግሞ ስራ አለበት፤ ተራው ሲደርስ የአንዱ ሰው መሳቢያ ወለል፣ የሌላው አልጋ ርብራብ ይሆንና ከነጽሑፉ ይሄዳል። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፤ ጽሑፉ ዓይን በማይደርስበት በኩል ይሁን። ስለ ሕይወት፣ ስለ ስራ፣ ስለ ሰው ጠባይ ያሰበውን ሁሉ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ እያደረገ ለሰፈሩ አከፋፈለ። ለራሱ አንዲት አላስቀረም።

ምሳ ሰዓት እስኪደርስ መታገስ አልቻለም። የስራ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ልጁ ወደምትሰራበት ማተሚያ ቤት በሩጫ ሄደ። ልጁ ገጽ አቀናባሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ እያስተካከለች የምትውል፣ እንደ አባቷ ቶሎ የምትጋል ልጅ። ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ ከወንበሯ ተነሳች። የማተሚያ ቤቱ አሮጌ ትንሽ ማሽን ቅዳሜ ተነቅሎ ሊወጣ ነው፤ አለቃቸው ደግሞ ከሰራተኛው የራሱን ነገር ማተም የሚፈልግ ካለ እስከ አርብ ይጠቀምበት ብሏል። ሁሉም የሚያስበው የሠርግ ካርድ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ መጽሐፍ ነው» አለችው።

ሐሙስ ማታ ድረስ ጽሑፉ ተሰብስቦ እጇ ከገባ አርብ ታትማለች። ሜትሮ መጽሐፍ የሚለውን ቃል ሲሰማ እዚያው የወረቀት ጥቅል ላይ ቁጭ አለ። ለስልሳ ዓመት ሰው አራት ቀን ምን ናት? ለሜትሮ ግን ሁሉ ነገር ነበረች።

ከስራ በኋላ አባትና ልጅ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወትና ደብተር ይዘው ወጡ። እሱ መሬት ላይ ተጋድሞ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። መጀመሪያ የገቡት ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነው። ሰውዬው የደንበኛውን ራስ ገና ግማሹን ላጭቶ ነበር፤ ከመስታወቱ በታች ያለውን መደርደሪያ ባዶ ሊያደርግላቸው ምላጩን አስቀመጠ። ከስሩ የተገኘው እንዲህ ይላል፦ «ሰው ሁሉ መስታወት ፊት ሲቆም ፊቱን ያስተካክላል። ስለዚህ የራሱን ፊት አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም።» ፀጉር አስተካካዩ ሃያ ዓመት መስታወት ፊት የቆመ ሰው ነው። ሰማና ቀና ብሎ መስታወቱን አየ፣ ወዲያው ፊቱን አስተካከለ። ግማሽ ራሱን የተላጨው ደንበኛ ሳቁ አላቆም አለው።

ማክሰኞ ዳቦ ጋጋሪዋ ጋ ሄዱ። ሊጥ የምታቦካበት ረጅሙ ጠረጴዛ ስር ይህ ነበር፦ «ጠማማ እንጨት አትስደብ። ብርሃን ፍለጋ ነው የዞረው።» ዳቦ ጋጋሪዋ ሁለት ጊዜ አስነበበችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ወንድ ልጇ ነው አይደል የጻፍከው ብላ ጠየቀችው። ሜትሮ ልጇን በመልክም አያውቀውም። ግን የሴትየዋን ዓይን አየና አዎ አላት። ምን ያድርግ? ሰው ራሱን ያገኘበትን ነገር የኔ አይደለም ብለህ ትነጥቀዋለህ?

ልብስ ሰፊው መቁረጫ ጠረጴዛ ስር ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ስራ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ፈላስፋ ይሆናል። እኔ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።» ልብስ ሰፊው የመርፌ ቆርቆሮውን እስኪደፋ ሳቀ። መድኃኒት ቤት ያለችው ሴት የበለጠ ደከመች፤ ለጥበብ ብላ የመደርደሪያውን ጠርሙስ ሁሉ አንድ በአንድ መሬት አወረደች። ከስሩ የወጣው «ነገ ምስማር እንዳትረሳ» የሚል ነው። ልጁ ይቺም ትግባ ብላ ድርቅ አለች። ሜትሮም ጥቂት አስቦ እውነት ነው፣ ከሁሉም ይቺ ጠቃሚ ናት አለ።

ነርሷ ቤት ያለው አልጋ ግን አሳበዳቸው። ከርብራቡ ስር የተገኘው ግማሽ ነው፦ «አዲስ ነገር የሚፈጥር ሰው ማንም ያላየውን ያየ አይደለም። ሰው ሁሉ ያየውን» ይልና ጣውላው ያልቃል። ሌላው ግማሽ የት ሄደ? ሜትሮ ራሱን ያዘ። የራሱ ሀሳብ ሆኖ መጨረሻውን አያውቀውም። ከዚያ ጣውላ በተረፈው ምን እንደሰራበት እያሰላሰለ ሌሊቱን ተገላብጦ አደረ፤ ሚስቱም በሀሳብ ብዛት የሞተ ሰው የለም፣ በእንቅልፍ እጦት ግን አለ ብላ ብርድ ልብሷን ይዛ ወደ ሌላው ክፍል ሄደች። ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ገብቶ እንደ ልማዱ ዱካው ላይ ሊቀመጥ ሲል ቆመ። ዱካውን ገለበጠው። «ለሁለተኛ ጊዜ ያየ ነው» ይላል። አስራ አንድ ዓመት ተቀምጦበታል። ብቻውን ሱቁ ውስጥ እየዘለለ ሲጨበጭብ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆሞ አየው።

እንዲህ ሆኖ ረቡዕ ማታ ደብተሩ ሊሞላ ደረሰ። ሜትሮ እንደዚያ ሳምንት ተደስቶ አያውቅም። ጀርባው በየሰው ቤት ወለል ላይ በመጋደም ተላልጧል፣ ፀጉሩ አቧራ ለብሷል፣ ግን መንገድ ላይ ሲሄድ እግሩ መሬት አይነካም ነበር። ልጁ ደብተሩን ቆጥራ አንድ ጥሩ ነገር ለመጨረሻው ገጽ ያስፈልገናል አለች። ከዚያ ፊቷ በራ።

«አጎቴ ቤት ያለው ትልቁ ጠረጴዛ! እሱን እንዴት ረሳነው? ነገ ጠዋት ስራ ከመግባቴ በፊት ሄጄ እጽፈዋለሁ።»

የሜትሮ ጆሮ ነጣ።

አሁን ስለ ታናሽ ወንድሙ መነገር አለበት። አስራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሱቅ፣ በሁለት የስራ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ሰርተዋል። ሜትሮ ይናገራል፣ ታናሹ ይሰማል፤ ሜትሮ ያቅዳል፣ ታናሹ ይልጋል። ታናሹ የላገውን እንጨት ጉንጭህ ላይ ብታደርገው እንቅልፍ ይወስድሃል። አንድ ቀን ከአዲሱ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሰው መጣና ና ከእኛ ጋር ስራ አለው። ሰውዬው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ታናሹ ለወንድሙ ነገረው፤ ነግሮት ግን አልሄደም። ሦስት ቀን ሙሉ መሣሪያውን ሳይሰበስብ፣ ስራም ሳይጀምር ቆሞ ዋለ። ሜትሮ ቀና ብሎ አላየውም። ቃል አልወጣውም። በአራተኛው ቀን ታናሹ መሣሪያውን በጆንያ ከትቶ ወጣ።

ያኔ ለታናሹ አዲስ ቤት ሁለቱ አብረው የጀመሩት የመመገቢያ ጠረጴዛ ነበር። ፊቱን የላገው ታናሹ ነው፣ እግሮቹን ያበጀው ሜትሮ። ሜትሮ ብቻውን ጨረሰው። ጨርሶም ገለበጠውና ደሙ ሲፈላ ከስሩ ጻፈ፦ «የወንድሜ እጅ ወርቅ ነው። ልቡ ግን መሳቢያ ነው፤ ለሳበው ሁሉ ይከፈታል።» ጽፎም መኪና ላይ አስጫነና ስጦታ ነው ብሎ ላከለት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እጅ ሲያመልጥማ ማን ይመልሰዋል? በነጋታው ጸጸተው። ሄዶ ሊያጠፋው አሰበ፤ ኩራቱ ያዘው። አንድ ሳምንት አንድ ወር ሆነ፣ ወሩ ሰባት ዓመት ሆነ። ለጠየቀው ሁሉ፣ ለገዛ ልጁም ጭምር፣ ጥሎኝ ሄደ፣ ደህና ዋል እንኳ አላለኝም እያለ ሲናገር ኖሯል። ልጁ አጎቷን ትወዳለች። ነገ ጠዋት ባትሪዋን ይዛ ከዚያ ጠረጴዛ ስር ትገባለች፣ አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነም በገዛ ፊደሉ ታነባለች። ያቺ ወደ ጎን የምታጋድል «ለ» ታጋልጠዋለች። ከዚያ ወዲያ ወንድም የሚባል ነገር የለውም፤ ልጁንም በምን ዓይኑ ያያታል?

ሐሙስ ማለዳ ከልጁ ቀድሞ ወጣ። በቦርሳው ትንሿን መላጊያና የብርጭቆ ወረቀት ያዘ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ወንድሙ በዚያ ሰዓት ፋብሪካ ነው፣ ሚስቱን የጠረጴዛው እግር ደህና መሆኑን ላይ ነው የመጣሁት ይላታል፣ ከስሩ ይገባል፣ ያንን መስመር ልጎ ያጠፋል፣ ይወጣል። የሠላሳ አንድ ዓመቱን ቃል ሁሉ ለማዳን ሲሮጥ የሰነበተ ሰው አሁን አንዱን ሊያጠፋ ይሮጣል። በመንገድ ላይ ይህ ትዝ ብሎት ሳቅ ሊመጣበት ነበር፤ አልመጣም።

የወንድሙ ሚስት በሩን ከፈተች። ሰባት ዓመት ያላየችው ሰው ነው። አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ ቀስ ብላ «ግባ፣ ጋሼ» አለችው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችውም። እሱ ያጠናውን ተናገረ። ስለ ጠረጴዛው እግር ሲል ሴትየዋ ፊቷ ተለወጠ፤ ሰባት ዓመት የታመቀ እሮሮ አወጣች። ያ ጠረጴዛ ገና ከገባ ሰሞን ጀምሮ አንዱ እግሩ እንደሚወዛወዝ፣ ካርቶን እያጠፉ ከስሩ እንደሚያደርጉ፣ ሾርባ ስንት ጊዜ እንደተደፋ ነገረችው። ባሏ የሰው ሁሉ ዕቃ ይጠግናል፤ ይህን ግን ንካው ስትለው አይሆንም፣ የኔ ስራ አይደለም ይላታል። ሸክላ ሰሪ በገል ትበላለች አሉ፤ እኔ ቤት የደረሰው ይኸው ነው አለች። ሜትሮ ግራ ገባው። እሱ ያጠበቀው እግር እንዴት ይላላል? በስራው ሲመጡበት የሚሆነውን ሁሉ ሆነ፤ ለአፍታ የመጣበትን እንኳ ረሳ።

ሴትየዋ ውሃ ልትጥድ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ሜትሮ ተጋደመና ከጠረጴዛው ስር ገባ። ባትሪውን አበራ። ያቺ ክፉ መስመር እዚያው ናት። መላጊያውን አነሳ።

ከዚያ ከስሯ ሌላ ጽሑፍ አየ። አንድ መስመር አይደለም። ጥቃቅን፣ ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ጽሑፍ የጣውላውን ግማሽ ሞልቶታል። ይህን እጅ ያውቀዋል። አስራ ዘጠኝ ዓመት የእንጨት ልክ ሲጽፍለት የኖረ እጅ ነው።

«አየሁት። ጠረጴዛው በገባ ቀን ነው ያየሁት።»

ሜትሮ ባትሪው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሞኝ! ሌላ ሰው ቤት ሲገባ መጋረጃና ግድግዳ ያያል፤ አናጺ ግን እጁን ከጠረጴዛው ስር ይልካል፣ ስራ የሚታወቀው ከስሩ ነውና። ይህን ለታናሹ ያስተማረው ማን ሆነና? ዓይን አይደርስበትም ብሎ የጻፈው፣ በዓለም ላይ መጀመሪያ ከስር ለሚያይ ሰው ነው። ወንድሙ ሰባት ዓመት ያንን ስድብ እያወቀ በላዩ ላይ ምሳውን በልቷል።

ንባቡን ቀጠለ።

«ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ማሽኑ ሲቆርጥ ዋልኩ። አይሳሳትም። አይደሰትምም። አንተ ብትኖር ትጮህበት ነበር።»

«ዛሬ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰው ሲናገር የምሰማው ዝምተኛ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚናገረው ሰው ደስ ስለሚለኝ ነው። እዚህ ማንንም አልሰማም።»

ከዚያ በታች የሕፃን ፊደል፣ ግማሹ የተገለበጠ፣ በቀይ ከለር። ከጎኑ የወንድሙ እጅ፦ «ልጄ ናት። አምስት ዓመቷ ነው። ጽሕፈቷ ካንተ ይሻላል።» ሜትሮ ጠረጴዛ ስር ተጋድሞ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተለወጠና እንባ ሆኖ ወደ ሁለቱም ጆሮው ወረደ።

«ይህን እግር ያላላሁት እኔ ነኝ። አንተ ያጠበቅኸውን እኔ አላጠብቅም። ስትመጣ አጥብቀው።» ከዚያው አጠገብ በምስማር የተሰቀለ መፍቻ አለ። ነካው፤ ዝገት የለበትም። ሰው ዘይት ሲቀባው ኖሯል።

የመጨረሻው ከሁሉም አዲስ ነው፣ እርሳሱ ገና አልደበዘዘም። «መሳቢያ ያልከኝ ልክ ነህ። መሳቢያ ግን የሚከፈተው ለሳበው ነው። ያን ሦስት ቀን ቆሜ የዋልኩት አንተን ስጠብቅ ነበር። አልሳብከኝም።»

ሜትሮ መላጊያውን ደረቱ ላይ አስቀመጠ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሄደ፣ ጥሎኝ ሄደ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዞሮ መጣበት። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ቆይ ቢለው፣ አትሂድ ቢለው። ቀኑን ሙሉ ለጣውላ ሲያወራ የሚውል ሰው ያቺን አንዲት ቃል ለገዛ ወንድሙ ነፈገ።

የበሩ ድምፅ ተሰማ። የወንድሙ ሚስት ሹክሹክታ፣ ከዚያ ቀስ ያለ እርምጃ። ታናሹ የዚያን ሳምንት ተረኛነቱ ማታ ኖሮ ከስራ ገና መመለሱ ነው። ሜትሮ ከጠረጴዛው ስር ሁለት ጫማ አየ። ጫማዎቹ ቆሙ። ብዙ ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ጉልበት መሬት ነካ፣ ቦርሳ ተቀመጠ፣ ታናሽ ወንድሙ ጎኑ ተጋድሞ ገባ። ፀጉሩ ሸብቷል። ሁለቱም ወደ ላይ፣ ወደ ጣውላው እያዩ ተኙ።

«መላጊያ ይዘህ ነው የመጣኸው?» አለ ታናሹ።

«ላጠፋው ነበር» አለ ሜትሮ። መላጊያውን ከደረቱ አንስቶ ወደ ጎን አደረገ። «ቆይ ማለት ነበረብኝ። አፌን ምን እንደያዘው አላውቅም። በድዬሃለሁ።»

ታናሹ ነገር ሲሰጡት መጀመሪያ ያገላብጣል። ቆይቶ የወንድሙን ትከሻ በትከሻው ገፋ አደረገ፤ ድሮ ሱቅ ውስጥ አንዱ ሌላውን መዶሻ አቀብለኝ ሲል እንደሚያደርገው። ሜትሮ ይህን ግፊያ ከየትኛውም ቃል በላይ ያውቀዋል።

ልጁ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። ደብተሯን ይዛ ገባችና ከጠረጴዛው ስር የወጡ አራት እግሮች አየች። ጎንበስ አለች፣ አባቷን አየች፣ አጎቷን አየች፣ ከዚያ ባትሪውን ከአባቷ እጅ ወስዳ ጣውላውን አነበበች። ፊቷ ሲቀላና ሲነጣ ሜትሮን አላመለጠውም። እንዲህ ነው የሆነው፣ ጥሎኝ ሄደ ስልሽ የኖርኩት ውሸት ነው አላት፤ የፈራው ቀን መጣ፣ ግን ከፍርሃቱ ቀልሎ መጣ። ልጁ አልተቆጣችም፤ ከደብተሯ መጨረሻ ባዶ ገጽ ገለጠችና ከየት ልጀምር ብላ ጠየቀችው። የመጨረሻዎቹን ብቻ ልትወስድ ፈልጋ ነበር።

«ከመጀመሪያው» አላት ሜትሮ። «የኔን ክፉዋንም ጻፊያት። ያለሷ የሱ አይገባም።»

አጎቷ መጽሐፍ መሆኑን የሰማው ያኔ ነው። መጽሐፉ የሁለት ሰው ስም ሊይዝ ነው ስትለው ዓይኑ ፈጠጠ፤ እኔ ምን ጻፍኩ አለ። ሜትሮ ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ እዚያው በጀርባው ተጋድሞ፣ ያለ ስህተት ስለሚሰራውና ስለማይደሰተው ማሽን የጻፈውን ቃል በቃል እያነሳ ያወድስለት ጀመር፤ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስፈልገው የነበረ ይህ ነው አለ። ታናሹ ሰማው። ሲሰማው ደግሞ ፊቱ ላይ ፈገግታ ቀስ እያለ መጣ። የወንድሙ ሚስት ሻዩን መሬት አምጥታ ሰጠቻቸው፤ ጠረጴዛው ላይማ ማን ያስቀምጠዋል።

ልጁ ጽፋ ስትጨርስ ሜትሮ መፍቻውን ከምስማሩ አወረደ። የሚወዛወዘውን እግር በግራ እጁ ያዘ።

«ላጠብቀው ነው» አለ።

«ተው፣ ወንድም ጋሼ» አለ ታናሹ። «ከጠበቀ በምን ሰበብ ትመጣለህ?»

ሜትሮ መፍቻውን ቡሎኑ ላይ ገጠመና በሙሉ ጉልበቱ አዞረ። እንጨቱ ሲጥ አለ። አንድ ጊዜ ደገመው፣ ከዚያ እግሩን ነቅነቅ አደረገው፤ አልተነቃነቀም።

«ያለ ሰበብ» አለው።